ከአጥር ማዶ የታየው ነጭ መንፈስ

«ስግደትሽን ከፈጣሪ በቀር ማንም አይይብሽ» ብላኝ ነበር እናቴ፣ ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ከቤት ስወጣ። ስለዚህ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ክሪስታል ከተማም በሁዳዴ ንጋት ላይ፣ ልጄ ሳትነሳ ጓሮ ወጥቼ ነው የምሰግደው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የፈረንጆቹ የመናፍስት በዓል ሃሎዊን ደርሷል ብለን፣ ከሰባት ዓመቷ ልጄ ከሶልያና ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን የመንፈስ ዶክመንተሪ ከፈትን። በቀን ብርሃን መፍራት ደስ ይላል እኮ! የተቀረጸው እዚሁ እኛ አካባቢ ነው። ድንገት ፊልሙ ውስጥ ከአጥር ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ብቅ አይሉም!

«ከበረዶው ውስጥ ነጭ ነገር ብድግ ይላል፤ ተመልሶ መሬት ይገባል። ቤቴን ልሸጥ ነው» አሉ።

ቀጥሎ የጓሮ በራቸው ካሜራ የቀረጸው መጣ። ፊት የለውም። ብድግ ይላል፣ ይሰምጣል፤ ብድግ ይላል፣ ይሰምጣል። ልጄን ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት።

እሷ ግን ብርድ ልብሱን ወርውራ ዘለለች። «ማሚ! ዛት ኢዝ ዩ! አንቺ ነሽ!»

«ዝም በይ አንቺ! እኔ ምን በወጣኝ!»

መልሼ ከፈትኩት። የነጠላዬ ጥለት ሳይቀር ይታያል! ሳቄን ለቀቅኩት። ሽማግሌው ቤታቸውን ሊሸጡ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄ ቆመ።

ነጠላዬን አጣጥፌ በፌስታል ያዝኩና ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።