መሳቢያው ውስጥ የቀረው ወረቀት

መጀመሪያ የተለወጠው የልቤ አመታት ነው። መቐለ ውስጥ ከሓድነት ሰፈር በሚኒባስ ተሳፍሬ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ወዳለው የልብስ ስፌት ሱቄ እየሄድኩ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብበናል። ልቤ ደለቀ። እጄ ደነዘዘ። አየር አጣሁ። በቃ ሞትኩ አልኩ።

«አውርዱኝ!»

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ኣቦይ፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው፤ ትንሽ ይታገሡ» አለኝ። አልታገሥኩም። የሰው ጉልበት እየረገጥኩ ወረድኩና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ልብ ነው ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ አነሡኝ፣ ደም ወሰዱ፣ «ልብዎ ደህና ነው» አሉኝ። አላመንኩም፤ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያም ያው። በሦስተኛው ከሐኪሙ ተጣላሁ። «ደህና ከሆንኩ ታዲያ ለምንድነው የምሞተው?» አልኩት። ወረቀት ጻፈና ወደ ሆስፒታል፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከኝ።

እኔ ዕብድ አይደለሁም። ወረቀቱን አጥፌ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎቹ ስር ከተትኩት።

መጀመሪያ ሚኒባስ ተውኩ። ቀጥሎ ሱቁን። የስፌት መኪናዬን ቤት አስመጣሁ። ቀጥሎ መስጊድ ቀረሁ። በመጨረሻ የግቢው በር። በሩን ሳየው ልቤ ይመታል። አራት ወር እንዲህ ሆንኩ። ወሎ ተወልጄ፣ ስንት አገር በእግሬ አቆራርጬ መቐለ የገባሁ ሰው፣ ከአልጋ እስከ ስፌት መኪና ሆነ መንገዴ።

ባለቤቴ ዘይነብ ቁልፍ ስትፈልግ ወረቀቱን አገኘችው። «ይሄን ደግሞ የማን ኮት ላይ ልትተክለው ነው ያስቀመጥከው?» አለችኝ። በማግስቱ ባጃጅ በር ድረስ አስመጣች። ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። ሁሉን ሰማችኝና «ኣቦይ ሰዒድ፣ ይሄ ፓኒክ ዲስኦርደር፣ ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም ይባላል። ድብርትም አብሮት አለ። ድንጋጤው ራሱ አይገድልዎትም፤ ካልታከሙ ግን ቤት ያስቀርዎታል» አለችኝ። ፍሉኦክሰቲን የሚባል ክኒን በየጠዋቱ አንድ አዘዘችልኝ። ቶሎ እንደማይሠራ፣ ሳምንታት እንደሚፈጅም ነገረችኝ። እውነቷን ነው። በሁለተኛው ወር እስከ መንገዱ ጥግ መሄድ ጀመርኩ።

ረመዳን ገባ። ክኒኑ የጠዋት ነው፤ እኔ ጾመኛ። ሐኪሟን ልጠይቅ አልኩና፣ ክርስቲያን ናት፣ ስለኛ ጾም ምን ታውቃለች ብዬ ተውኩት። የመስጊዳችንን ሸኽ እንዳልጠይቅ የአእምሮ ክኒን እንደምውጥ ሊያውቁብኝ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ አቆምኩ። ክኒኑን ከቁልፎቹ ስር ከተትኩት።

ተመለሰ። ብሶ።

የሰፈሩን ሰው ጀለቢያ ቤት ሆኜ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የዒድ ጠዋት የኔንም ለበስኩ። ተክቢራው ይሰማል። በሩ ጋ ቆምኩ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው። አልከፈተም። የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ወጣ። እኔ ቀረሁ። ሰዉ ሰግዶ ሲመለስ እዚያው ቆሜ ነበር።

ዘይነብ ከሶላት መጥታ አየችኝ። ሄዳ መሳቢያውን ከፈተችና ክኒኑን አገኘችው። «ኣታ ሰብኣይ! ይሄ መሳቢያ ነው የሚገድልህ» አለች።

ሐኪሟ ጋ ስንመለስ አልተቆጣችም። «ኣቦይ፣ ለምን አልነገሩኝም? ካፈጠሩ በኋላ ወይም ሌሊት በሱሑር ይወስዱት ነበር እኮ። ስንት ጾመኛ ነው እንዲህ አድርገን የምናክመው!» አለችኝ። መሬት መሬት አየሁ። በኋላ ለሸኹ ስነግራቸው ደግሞ «እኔ የስኳር ክኒኔን የምውጠው ሳፈጥር ከቴምሩ ጋር ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ክኒኑን እንደገና ጀመርኩ፤ ሐኪሟም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከችኝ፣ እሱም ፍርሃቱ ሲመጣ እንዳልሸሽ፣ ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ እስኪበርድ ባለሁበት እንድቆይ አስተማረኝ። መጀመሪያ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ እስከ ጥጉ መሄድ፣ ከዚያ መናኸሪያ ሄጄ ገና ሰው ያልሞላው ሚኒባስ ውስጥ ትንሽ ተቀምጦ መውረድ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ ሳምንት ሠራን። ወደ ኋላ የተመለስኩባቸው ቀኖችም ነበሩ።

የዓረፋ ዕለት ከዘይነብ ጋር በሚኒባስ ወደ ሶላት ሄድኩ። የቀረው የኋላ ወንበር ብቻ ነበር። አራት ሆንን። ልቤ መታ። ዘይነብ «ላስቁመው?» አለችኝ። «ተይው» አልኳት። መታ፣ መታ፣ ከዚያ በረደ። ከሰው ጋር ሰገድኩ።

አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟን፣ ባለሙያውንና ያችን መሳቢያ ከፋች አላህ ያቆይልኝ። ክኒኑን ዛሬም እወስዳለሁ፤ የሚቆመው ሐኪሟ ስትል ነው። እናንተም ጾም ቢሆን፣ ጸበል ቢሆን፣ ሐፍረት ቢሆን፣ ሳትጠይቁ አታቁሙ። ደግሞ እንደኔ ወረቀት የደበቀ ሰው ካለ፣ የት እንዳስቀመጠው ያውቃል። ይሄን አንብቦ ሲጨርስ ይነሣና ያውጣው።