ይታከም ወይስ ይታረድ

የዚያን ቀን ጎሮ ገበያ ዳር፣ ሸራ የተወጠረባት ሻይ ቤት ውስጥ ስድስት ነበርን። ከሮቤ ያመጣኝ የሚኒባስ ሹፌር ጓደኛዬ፤ ሻይ የምታፈላው ሴት፤ ስንዴ ሸጠው አግዳሚው ላይ ያረፉ ሁለት ሽማግሌዎች፤ ሁሉም «ዶክተር» የሚላቸው ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ ሰው፤ እና እኔ።

የአጨዳ ጊዜ ነበር። ኮምባይነር በየማሳው ይዞራል፤ ከሮቤ እስከ ጎሮ የማያስለው ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ በቴሌግራም ቻናሌ በየሳምንቱ የድምፅ ዜና እሠራለሁ። ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ የለም፤ የትልልቆቹን ጣቢያዎች ዜና እየሰማሁ ነው የለመድኩት። ስለ ሳሉ ሐኪም ማናገር ፈልጌ ነበር፤ ጎባ ሆስፒታል ሄጄ ተራ ለመጠበቅ ግን ሰነፍኩ።

ሹፌሩ ሰውየውን ሲያይ፣ «ዶክተር፣ ይሄን ጓደኛዬን እያሳለው ነው። ይታከም ወይስ ይታረድ?» አላቸው።

«ምን ሥጋ አለውና ይታረዳል?» አሉ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ።

«ለቆዳው ነዋ» አለች ሻይ የምታፈላው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩና ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ስለ ሳሉ ስጠይቃቸው፣ «አቧራ ነው፤ ስንዴው ተሰብስቦ ሲያልቅ ያልፋል» አሉ።

ማስታወሻዬ አሁንም አለ። የጃኬታቸው ቀለም፣ ሻያቸው ውስጥ የገባው ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ የተቀመጡበት የቢራ ሳጥን ሳይቀር ተጽፏል። የምን ዶክተር እንደሆኑ አልተጻፈም።

በማግስቱ ዜናውን ሳነብ «የጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት» አልኩ። አንድ ሰው ነበሩ። ትልልቆቹ እንደዚያ ስለሚሉ አበዛኋቸው።

ሮቤ ያለችውን ክፍሌን ያከራዩኝን እናት ሳል ከያዛቸው ሰንብቶ ነበር። ጎባ ሄደው እንዲታዩ የለመንኳቸው ራሴ ነኝ፤ ሰኞ ለመሄድ ሻሻቸውን አጥበው አስጥተው ነበር። ዜናውን ከልጃቸው ስልክ ሰሙና ቀሩ።

«እማማ፣ አልሄዱም እንዴ?»

«ባለሙያዎቹ ያልፋል አሉ አይደል? አንተው ነህ እኮ የነገርከን ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ከወረፋ ገላገልከኝ።»

ያኔ «ግድ የለም፣ ይታዩ» ማለት እችል ነበር። ዜናዬ መሰማቱ ደስ ብሎኝ ሳልል ቀረሁ።

ስንዴው ተሰበሰበ፣ አቧራው ጠፋ፣ የእሳቸው ሳል አልጠፋም። ደም ያለበት አክታ ሲተፉ ጎባ ይዣቸው ሄድኩ። ቲቢ ነበር። ሐኪሟ አንዱ ሳንባቸው ክፉኛ እንደተጎዳ ከነገረችን በኋላ፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች። እማማ ቀደም ብለው «አዝመራ ላይ» አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

አሁን መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ከበራቸው እስከ ግቢው ቧንቧ ሲሄዱ ግን መሃል ላይ ቆመው ያርፋሉ።

ከዚያ በኋላ ጎሮ ተመለስኩ። ሰውየውን ያገኘኋቸው በሬ ታስሮላቸው መርፌ ሲሰጡ ነው። የከብት ሐኪም ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው መርፌውን ከበሬው ነቀሉና፣ «የሰው ሐኪም አይደለሁም ብዬህ ነበር እኮ፤ መቅዳት ሳትጀምር» አሉኝ። ሹፌሩ እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም ይላል። ቅጂው የሚጀምረው ከሳቁ በኋላ ነው።

ዜናውን አርሜያለሁ፤ ባለሙያዎች ያልኳቸው አንድ የከብት ሐኪም እንደነበሩም ተናግሬያለሁ። ከቅጂው በፊት ያለችውን ክፍተት ግን ብቻዬን መሙላት አልቻልኩም። ሻይ ታፈላ የነበርሽው እህቴ፣ አግዳሚው ላይ የነበራችሁ አባቶች፣ ይህ ከደረሳችሁ፦ እየሳቅን ሳለ ሰውየው እንደዚያ ብለዋል? ብለው ከሆነስ በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ? እኔስ ምን መለስኩ? ያስታወሳችሁትን ንገሩኝ። እማማን ይቅርታ የምጠይቀው የምን ዶክተር እንደሆኑ ሰውየውን ሳልጠይቅ በመቅረቴ ይሁን ወይስ ተነግሮኝ ባለመስማቴ ስለማላውቅ፣ እስካሁን በራቸው ድረስ እየሄድኩ እመለሳለሁ።