መንገድ የሰለቸው ሾፌር

ይስማው ከቢቸና ሞጣ ሚኒባስ ሲያመላልስ ጎልምሶ፣ ሲያመላልስ ሸበተ። ወገቡም ከወንበሩ እኩል አረጀ። ወደ ሞጣ ሲነዳ፣ ከግንደወይን አለፍ ብሎ በስተግራ ዱር የለበሰ ተራራ አለ። በየቀኑ በመስኮት ያየዋል እንጂ እግሩ ረግጦት አያውቅም። “አንድ ቀን እንወጣዋለን” ይለዋል ረዳቱን ስጦታውን። ስጦታውም በሩን እየዘጋ “እሺ ጋሼ” ይላል፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ዘንድሮ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመና ሚኒባሷ ግቢ ውስጥ ቆመች። ይስማው አሁንስ ያርፋል ሲባል ድካሙ ባሰበት። ይነሳል፣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ይመሻል። ሚስቱ ስንቄ ስትታዘበው ቆይታ፣ “እስቲ ያን የምታወራለትን ተራራ ሂድና ውጣው፤ ለእኔም ይውጣልኝ” አለችው።

ስጦታውን ጠርቶ ሲመክሩ ሰነበቱ። ክረምቱ አልፎ ጭቃው እስኪጠጥር ጠበቁ፤ አገሩ ሰላም መሆኑን አጠያየቁ። ስንቄ በሶ ቋጠረች፣ ስጦታው ገመድና ዱላ አዘጋጀ።

“ከብት የሚወጣበት ቀጭን መንገድ አለ አሉ፤ በሱ ብንሄድ?” አለ ስጦታው።

“መንገድ ሰልችቶኛል” አለ ይስማው። “መንገድ በሌለበት ነው የምሄደው።”

ስጦታው ሌላ ገመድ ጨመረ።

መንገዱ በተከፈተ በአንድ የጥቅምት ማለዳ፣ የተሳፈሩበት አይሱዙ ከተራራው ግርጌ አወረዳቸውና ዱሩ ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ ጥዱና ወይራው ገለጥ ያለ ነበር። ኋላ ግን ቀጋው ልብሳቸውን ይይዝ፣ አረንጓዴ ሽበት የለበሰ ድንጋይ ያንሸራትታቸው ጀመር። የወደቀ ግንድ በእንብርክክ አለፉ። ይስማው ትንፋሹ አጠረ። አንድ ገደል መሳይ ሸለቆ ላይ ሲደርሱ ስጦታው ቀድሞ ወረደ፤ ይስማው ገመዱን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል መጣ።

“ይምጡ፣ ይምጡ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ይመልሱት፣ በቃ” አለ ስጦታው፣ ሚኒባሷ ወደ ኋላ ስትቆም እንደሚያደርገው ሁሉ በእጁ ድንጋዩን ቸብ ቸብ እያደረገ።

ሁለቱም ተያዩ። ይስማው ሳቁ አፈነውና እዚያው ተዘረፈጠ። እንዲህ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

ከሸለቆው ግርጌ ከምትፈስ ቀዝቃዛ ምንጭ በሶውን በጥብጠው ጠጡ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ይስማው እግሩን ዘርግቶ ቅጠሉ ሲንሾካሾክ አዳመጠ። የሞተር ድምፅ የለም፣ የሚጣራ የለም። ጎኑ ወዳለው ሰው ዘወር አለ። ያን ሁሉ ዘመን ስጦታውን የሚያየው በመስታወት ነበር፤ ጉንጩ እንዲህ መጉደሉን አላስተዋለም።

“ጋሼ፣ እኔ ልሄድ ነው” አለ ስጦታው።

“ወዴት?”

“ደጀን። ወንድሜ ጎማ ቤት ከፍቷል። ደረቴም እንግዲህ በር ላይ መንጠልጠሉን አልቻለም። ይህን ሳንወጣ መሄዱ ከብዶኝ ነው እንጂ ድሮ በሄድኩ።”

“መንገዱ ለዘለቄታው ቢከፈትስ?” የሚለው ይስማው አፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። “ደግ አድርገሃል” አለ።

ጫፉ ገና ሩቅ ነበር።

“እንሞክረው?” አለ ስጦታው።

“አንችልም።”

“አዎ፣ አንችልም።”

ያንን መነጋገራቸው ራሱ አሳረፋቸው። ይስማው ግንድ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ የስጦታው ጋቢ ላዩ ላይ ነበር፤ ስጦታው ደግሞ ከሱሪው ጫፍ የቀጋ እሾህ ይነቅልለታል። የነቃ እንዳይመስል ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ባሰ። ዱሩ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ሲተፋቸው ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር፤ እነሱም እርስ በርስ ተደጋግፈዋል።

የይስማው ጉልበት ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን አልታዘዘውም። ስጦታውን ሊሸኝ ቢቸና መናኸሪያ የሄደው በዱላ እያነከሰ ነው።

“እግርዎን በሙቅ ውሃ ይንከሩት” አለው ስጦታው በአውቶቡሱ መስኮት።

“እሺ” አለ ይስማው። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ የሚቀመጥበት ድንጋይ ፈለገ።