የተመለሰው በግ

ባለፈው ሳምንት ባቄላ ልገዛ ወልድያ አንድ እህል ነጋዴ ቤት ጎራ ብዬ፣ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ሳላስመዝን ጥዬ ወጣሁ። ልጄ ሳቀችብኝ። የላሊበላ መስጊዳችን በደርግ ጊዜ እንዲህ ይሸት እንደነበር ብነግራት አታምነኝም።

መስጊዱ ሲሠራ ጭቃውን ከረገጡት ሸማኔዎች አንዱ አያቴ ነበሩ። ያቺ ጠባብ ቤት መስገጃ ብቻ አልነበረችም፤ ኒካህ የሚታሰርባት፣ የተጣላ የሚታረቅባት፣ እኛ ልጆች የቁርዓን መማሪያ እንጨታችንን፣ ሉሃችንን፣ ታቅፈን አሊፍ የምንልባት፣ ለሟች የሚሰገድባት እሷው ነበረች። አጥር የሚጋራን ጋሽ ታደገ ክርስቲያን ነው፤ ለገና ሁልጊዜ ሁለት በግ ይገዛል፤ አንዱን ለቤቱ ያርዳል፣ ሌላውን አያቴ ቢስሚላህ ብለው እንዲያርዱት ከነነፍሱ ወደ እኛ ይጎትተዋል። ሥጋችን ቢለያይም ጨዋታችን አንድ ነበር፤ አያቴ የጋሽ ታደገ ጠላ ሽታው ብቻ እንደሚያሰክራቸው እየነገሩት ያሾፉበት ነበር።

ደርግ መጣና ጋሽ ታደገ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ካኪ ለበሰ፣ አንገቱም እንደ ካኪው ደረቀ። መስጊዳችንን የእህል መጋዘን አደረጉት፤ ቁልፉም በእሱ ኪስ ገባ። አያቴ የዚያን ዓመት ታመው ሲተኙ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭቃውን በረገጡበት ቤት እንዲሰገድባቸው። ኅዳር ላይ ሞቱ። አባቴ እጄን ይዞ ቀበሌ ሄደ፤ ጋሽ ታደገ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«ጓድ አህመድ፣ ሬሳና እህል አንድ ቤት አያድሩም» አለው።

«ለአንዲት ሰላት ነው እንጂ መች ያድራሉ? የኔ አባት ላንተም አባት አልነበሩም ወይ?»

«እሱ ድሮ ቀረ።»

ወንዶቹ ከተቆለፈው በር ፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ አቧራው ላይ ሰገዱባቸው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ገና ሲደርስ ጋሽ ታደገ ምንም እንዳልተፈጠረ በጉን በልጁ ላከልን። ድምጿ ከጓዳ ወጥቶ የማያውቀው እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ለአባትህ፣ አራጁ ሞተዋል በለው» አለችው።

በጉ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ በኩል እሳት እንኳ አልተጫጫርንም።

ደርግ ሲወድቅ መስጊዱ ተመለሰልን፤ ታጠበ፣ ኖራ ተቀባ፣ አዲስ ቆርቆሮም ለበሰ። ጋሽ ታደገ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሲጎርፍ እኛ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። ይቅር በሉ የሚሉን ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ አባቴ በአክብሮት ሸኛቸው። እኔም እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ አልልም። ግን የሙሾው ድምፅ አጥሩን አልፎ ሲመጣ፣ በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ሰው ሞቶ አንዲት ዘለላ እንባ እምቢ አለችኝ። መስጊዱን መልሰውልናል፤ ለጎረቤት ማልቀስን ግን ማንም አልመለሰልኝም።