ሰላምታ የሌለው ጥሪ

ማክሰኞ፣ ወደ ሰበታ

ማክሰኞ ማለዳ ከቤት የወጣሁት ክረምቱ ሳይገባ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ የውሃና የዝናብ መለኪያ ተክዬ ለመመለስ ነው። የውሃው መለኪያ ብረት ምሰሶ ላይ የሚታሰር ሴንሰር ነው። ከላይ ሆኖ ወንዙን ያያል፤ ውሃው ሲያብጥ ከሥሩ ያለው ሳጥን በሲም ካርድ ለአካባቢው ሰዎች ስልክ ይደውላል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሶላሩ ይበቃዋል። ሰውም አይፈልግም ይላሉ አለቆቼ። ድሮ ለሁለት እንሠራው የነበረውን ሥራ ዘንድሮ ለእኔ ብቻ የሰጡኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስቱም ከተሞች ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆኑ እየተመላለስኩ ብሠራ ማንም አይከለክለኝም ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ በየቀኑ ሚኒባስ መጋፋት አይቻልም። ደግሞ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ የትም ባድር ለውጥ የለውም።

አየር ጤና ላይ ረዳቱ የዕቃ ሳጥኔን አየና "እቺም ሰው ናት፣ ሂሳብ አላት" ብሎ የአንድ ወንበር አስከፈለኝ። ከተከፈለላት ወዲያ ጭኔ ላይ አላስቀመጥኳትም፤ ከጎኔ እንደ ሰው ተቀመጠች። እስከ ዓለም ገና ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዓለም ገና ላይ ግማሹ ተሳፋሪ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካ አጥርና የጤፍ ማሳ እየተፈራረቁ ሰበታ ደረስን፤ ባጃጅ ይዤ ወንዙ ዳር ወዳሉት ቤቶች ወረድኩ።

ከቤቶቹ ሁሉ ለውሃው የሚቀርበው የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ ዓይነ ስውር ናቸው። በልጅነታቸው ለትምህርት ሰበታ መጥተው፣ አስተማሪ ሆነው፣ አግብተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ እስከ አልጋቸው እግር ገብቶባቸው፣ እጃቸውን ይዘው ያወጧቸው ጎረቤታቸው ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ገበሬ ናቸው። የምሰሶዬን ጉድጓድም የቆፈሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሲሚንቶ ሳቦካ እሳቸው ዶማቸውን አላስቀመጡም።

ጋሽ ደምሴ አጠገባችን ቆመው የዶማውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

"ልጄ ሰናይት ቅዳሜ ትመጣለች" አሉኝ። "ዕቃሽ መሥራቱን ካየች እዚሁ እከርማለሁ። ካልሠራ ኮንዶሚኒየሟ ትወስደኛለች። አራተኛ ፎቅ ነው።"

"አራተኛ ፎቅ ጎርፍ አይደርስም እኮ ጋሼ።"

"እኔም የትም አልደርስም። እዚህ ሱቁንም ቤተ ክርስቲያኑንም በእግሬ አውቀዋለሁ። እዚያ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ሥራ ትሄዳለች።"

ሲሚንቶው ሲጠነክር ሴንሰሩን አሰርኩ፤ ብሎኖቹን በመፍቻ አጠባበቅኩና የሰዎቹን ስልክ ሳጥኑ ውስጥ መዘገብኩ። ሳጥኑ በአንድ ጊዜ የሚደውለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሲዘጋ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ካልዘጋም መስመሩ ራሱ እስኪቋረጥ ይጠብቃል። ጋሽ ደምሴን አንደኛ አደረግኳቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው የሉማ። ኦቦ ገመቹን ሁለተኛ፣ ሌሎቹን እንደየዕድሜያቸው አስከተልኩ። መልእክቱን በራሴ ድምፅ ቀዳሁት። "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ? ወንዙ እየሞላ ስለሆነ እባካችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ።" መልሼ ሳዳምጠው ደስ አለኝ፤ በወግ ያደግኩ መሆኔ ያስታውቃል።

ማታ አልጋ የያዝኩበት ቤት ሽሮ አዘዝኩ። አሳላፊዋ ለሁለት ሰው የሚበቃ ትሪ ይዛ መጣችና ዙሪያዬን አየች።

"ሌላው ሰው ይመጣል እንዴ?"

"ሌላ ሰው የለም" አልኳት።

ግማሹን ትቼው ተነሣሁ።

ረቡዕ፣ ቡራዩ

በአዲስ አበባ ዞሬ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። የዝናብ መለኪያው የሚተከለው ከከተማው በላይ፣ ባሕር ዛፍ ከሞላው ኮረብታ ጫፍ ነው። ደብዳቤ ስለያዝኩ የቀበሌው ሰው ቦታውን በእጁ ጠቁሞኝ ተመለሰ። መቆፈር ስጀምር ጋቢ የለበሱ አንድ ሰው ከማሳቸው ወጥተው መጡ።

"አካም ጅርቱ" አልኩ በያዝኳት ጥቂት ኦሮምኛ።

"ፈያ" አሉና ወዲያው በአማርኛ "መሬት ልትለኪ ነው?" አሉኝ።

"አይ ኦቦ፣ ዝናብ ነው የምለካው።"

"ዝናቡ ተለክቶ ለማን ይሰጣል?"

"ለማንም አይሰጥም። እዚሁ ነው የሚቀረው።"

አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም፤ በእነዚህ ከተሞች ዳር ምሰሶ ይዞ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተከትሎት መሬቱን ሊወስድ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ። ጨርሼ እስክነሣ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የተቀመጡት ሊያጫውቱኝ ሳይሆን ሊከታተሉኝ እንደሆነ ባውቅም፣ ሰው አጠገቤ መኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ስጨርስ ተነሥተው ምሰሶውን ዞሩት፤ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር በጣታቸው ነኩ።

"ይህ ቁጥር ምንድን ነው?"

ቤት ላይ ቁጥር በቀለም ሲጻፍ መፍረስ እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። ሳልከራከር በጥፍሬ ላጥኩት።

"አሁን ይቁም" አሉ። "ከብት እንዳይታከክበት እኔ አጥርለታለሁ።" ከዚያ ወደ ማሳቸው ተመለሱ፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሐሙስና ዓርብ፣ ሱሉልታ

እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲገቡ ብርዱ ሹራብ አልፎ ይገባል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግማሹ ረግረግ ይሆናል። ምሰሶዬን የተከልኩት ከአስፋልቱ ርቆ በሚያልፍ ጅረት ዳር ነው። በጠዋቱ ሯጮች በቡድን ሆነው ሲያልፉ ትንፋሻቸውን እኩል ሲያወጡ ይሰማል። እጄን አነሣሁላቸው፤ አንዷ መለሰችልኝ። ከእነሱ በኋላ እስከ ቀትር ያየሁት ከብትና ሣር ብቻ ነው።

ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አንቴናውን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረግኩት። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ተስተካክሎ አስፋልቱ ዳር አንዲት ወተት ሻጭ ቤት ገባሁ። ወተቱን ሲያሞቁልኝ ሴትዮዋ ጭቃ የበላውን ቦቲዬን አዩ።

"እንዲህ ብቻሽን ስትዞሪ ባልሽ ምን ይላል?"

"ባል የለኝም።"

"ልጅስ?"

"የለኝም።"

"ውይ" አሉና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉልኝ። ማዘናቸው ነው።

ሐሳቤን ለመቀየር ስልኬን አውጥቼ የሰበታውን ሳጥን "ለሁሉም ደውል" ብዬ አዘዝኩት፤ ከሩቅ ሆኜ ልሞክረው እንደምችል ለሰዎቹ ነግሬያቸው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ለጋሽ ደምሴ ደውሏል፤ ተነሥቷል። ለኦቦ ገመቹ አልደወለም፤ ለሌሎቹም አልደወለም። ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ የጋሽ ደምሴ መስመር በራሱ ተቋርጦ ወደ ሁለተኛው አለፈ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ሆነ። ይህ በእውነተኛ ጎርፍ ቢሆን ጋሽ ደምሴ ስልካቸውን ይዘው ብቻቸውን ይቀራሉ፤ እጃቸውን የሚይዘው ሰው ገና አልሰማም።

ለአለቃዬ ደወልኩ፤ "እስቲ አንቺው እዪው" ብሎ ዘጋ። ለጋሽ ደምሴ ደወልኩና ሱሉልታ እንዳለሁ ነግሬ መልእክቱን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኩ።

"በደንብ ነው የሰማሁት" አሉ። "ድምፅሽ ጥርት ብሎ ነው የመጣው። እግዜር ይስጥልን።"

እንግዲያው ሳጥኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። መለዋወጫ አልያዝኩም፤ ሰናይት ደግሞ ነገ ትመጣለች። የእኝህ ሽማግሌ ቤት በእኔ እጅ ላይ ወድቆ እኔ ሱሉልታ ተቀምጫለሁ። ያን ዕለት የሥራ ጓደኛ ናፈቀኝ፤ ባያውቀውም እንኳ "ምን ይሆን?" ብሎ አብሮኝ የሚጨነቅ ሰው ፈለግኩ።

ቅዳሜ፣ ሰበታ እንደገና

ስደርስ ሰናይት ቀድማኝ መጥታለች። ፈጠን ያለች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ሳጥኑን ፈትቼ ገመዱን ሁሉ አየሁ፤ ምንም እንከን የለውም። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ሙከራውን ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ በየደጁ ቆመ፤ ጋሽ ደምሴ በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ አንድ ጣውላ ከሴንሰሩ ሥር ዘርግቼ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት፤ ሴንሰሩ ውሃ የሞላ መሰለው።

የጋሽ ደምሴ ስልክ ጠራ። አነሡት።

"ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ? ሥራው እንዴት ይዞሻል?" አሉና ጸጥ ብለው ጠበቁ። ቀጥለውም "ቤተሰብ ደኅና ነው? ሱሉልታ ብርዱ እንዴት ነበር?" አሉ። ደግሞ ጠበቁ።

ጣውላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መልእክቴ አልቋል፤ እሳቸው ግን ለሰላምታዬ መልስ ሰጥተው መልሴን እየጠበቁ ነው። ኦቦ ገመቹ ደጃቸው ላይ ቆመው የማይጠራ ስልካቸውን ያያሉ።

"አባዬ" አለች ሰናይት፣ "ዕቃ እኮ ነው።"

"ድምፁ የሷ ነው። ሰላም ያለኝን ሰው ጆሮው ላይ ልዝጋበት?"

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። "በዚህ መሀል ጎርፉ ደርሶ ይመለሳል። በቃ፣ ልብሱን ልሰብስብ" ብላ ወደ ቤት ገባች። ጋሽ ደምሴ የበሩን ድምፅ ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

ሳጥኑ ንጹሕ ነበር። ወጉን እዚያ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ታላቅን ማስቀደሙንም፣ ሰላምታውንም። ሄጄ እግራቸው ሥር በርከክ አልኩ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። መጀመሪያ ለኦቦ ገመቹ ይደወል፤ እርስዎ መጨረሻ ይሁኑ። ሰላምታውንም ላውጣው።"

"መጨረሻ?"

"መጨረሻ። እጅዎን የሚይዘው ሰው አስቀድሞ መስማት አለበት።"

"ጎርፍ ታላቅ ታናሽ አይልም" አሉ። "አድርጊው።"

አዲሱን መልእክት ለመቅዳት ምላሴ እንቢ አለኝ፤ ስጀምር "እባካችሁ" ይቀድመኛል። ተሳክቶልኝ ስጨርስ እንዲህ ብቻ ሆነ። "ውሃ መጣ። ውጡ።" ኦቦ ገመቹም በኦሮምኛ "ቢሻን ዱፌ። በኣ።" ብለው ጨመሩበት። ሚስታቸው ከደጅ ሆነው "እኔን እንኳ እንዲህ አዝዞኝ አያውቅም" ብለው ሳቁ።

"ከእንግዲህ በስልክ ድምፄን ሲሰሙ አይመልሱልኝ" አልኳቸው ጋሽ ደምሴን። "ዝም ብለው አድምጠው ይዝጉ።"

"እሺ። ታዲያ ሰላምታውን የት አደረስሽው?"

"እኔ ራሴ እየደወልኩ እላለሁ።" አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ።

ጣውላውን እንደገና አነሣሁ። የኦቦ ገመቹ ስልክ ጠራ፤ ሰምተው ዘጉ፤ እየሮጡ መጥተው የጋሽ ደምሴን እጅ ያዙ። የሌሎቹም ስልክ በየደጁ ተከታትሎ ጠራ። የጋሽ ደምሴ ስልክ ሲጠራ እሳቸው ዳገቱ ላይ፣ ሰው መሀል ቆመዋል። አነሡት፤ አደመጡ፤ ምንም ሳይሉ ዘጉት።

ሰናይት ግማሽ የሞላ ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየች። "ይህን ክረምት እንየው" አለችና ሻንጣውን ይዛ ተመልሳ ገባች። ልብስ ወደ ቁም ሣጥን ሲመለስ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ማታ፣ ቤት

የዕቃ ሳጥኔ ባዶ ስለነበረች ጭኔ ላይ ይዣት ተመለስኩ። በሬን ከፍቼ መብራት አበራሁ፤ ሁሉም ትቼው በሄድኩበት ቦታ አለ፣ ማንም ምንም አላነሣም። ሰው የማይፈልግ ዕቃ ልተክል ሄጄ ለሰው አደራ ሰጥቼ መመለሴን ያኔ አሰብኩ፤ አንዱን ለኦቦ ገመቹ እግር፣ አንዱን ለማላውቃቸው ሰው አጥር። ሰው የማይፈልግ ነገር እስካሁን አላየሁም። ራሴንም ጨምሮ ነው፤ ብቸኝነት እንደሚከብደኝ ከዚህ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ። ወዲያው ተነሣ።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?"

መልስ የለም። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።

"ጋሼ?"

አሁንም ዝም አሉ። ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ሊዘጉት ነው ብዬ ስፈራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ሰው ነሽ ወይስ ዕቃው?"

"ሰው ነኝ" አልኩ። "ሰው ነኝ ጋሼ።"

"እንግዲያው እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አመሸሽ? በሰላም ገባሽ? እራት በላሽ?" አሉና መልሴን ጠበቁ።