የእኔ መቶ ስግደት

ትናንት ስቅለት ነበር። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ቄሱ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባዬን ሲጠበጥቡኝ የእርጥቡ ቅጠል ሽታ ወደ ልጅነቴ ስቅለት መለሰኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ልጅ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብትመጣ ቀናሁና የአባቷን ታንኳ ፈትቼ ለጣና ለቀቅሁት። ሰውየው ከታንኳው በቀር መተዳደሪያ አልነበረውም። በስቅለት ዕለት ጥፋቴን ብናገር ቄሱ መቶ ስግደት አዘዙብኝ።

«የእሷን እኔ እሰግዳለሁ» አሉ አያቴ። ጉልበታቸው በሽተኛ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮም ውኃ አልቀመሱም። «አንቺ ብቻ ቁጠሪልኝ።»

በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቆጠርሁ። በወደቁ ቁጥር ጉልበታቸው ድንጋዩ ላይ ቋ ይላል። ሠላሳ ስል አቃሰቱ፤ ድምፃቸው አሳቀኝ። እንደገና «ሠላሳ» አልሁ። ሰገዱ። አሁንም «ሠላሳ» አልሁ። ሰገዱ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።

«መቶ» ስል ግንባራቸው ላይ ደምና አሸዋ ተጣብቋል። ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ።

«ሠላሳን ሦስት ጊዜ ጠርተሻል» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለምን ሰገዱ?»

«መቶው ለታንኳው ነው፤ ሁለቱ ለዚችኛዋ ተንኮልሽ ይሁንልሽ።»

ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ ቆመው አላየኋቸውም።

ትናንት ቄሱ «ምን አጠፋሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ጾም ገድፌአለሁ» አልኋቸው፤ እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው።