ማንም ያልተሳፈረበት ማታቱ

በኢስትሊ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ፣ ሱሪ ሊለካ የገባን ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚያፋጥጥ ክብረት ብቻ ነው። ማሽኑ የተቀመጠው ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ነው። ደንበኛው አንድ እግሩን አጥልቆ ሌላውን ሲፈልግ፣ ስክሪኑ ላይ ቢጫ መስመር የተቀባ ማታቱ፣ ያ የናይሮቢ ሚኒባስ፣ ቀስ እያለ ሲወለድ ያያል። ኮምፒውተሩ ቅርጹን ቀለምና ጥላ አልብሶ እስኪጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሬንደር ይሉታል። በዚያ ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ካውያ መሰካት ክልክል ነው፤ የሱቁ መብራት ሁለቱን ባንድነት አይችልምና። በ2006፣ ናይሮቢዎች እንደሚቆጥሩት፣ ልብሱ ተጨማዶ ለሠርጉ የቀረበ ሙሽራ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ክብረት ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ስሪዲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቅርጻ ቅርጽ ማንም አላስተማረውም፤ በአራት ዓመት ትጋት ከየመጽሐፉ ለቃቅሞ ያዘው። ሥራውን የሚያሳየው ለሁለት ሰው ነበር፦ ለባለቤቱ ለብርነሽ፣ እንዲሁም ከመንገዱ ማዶ ስልክ ለሚጠግነውና ይኸው አባዜ ለተጠናወተው ለሱራፌል። ብርነሽ «ያው መኪና ነው» ትላለች። ሱራፌል «ግሩም ነው ጋሼ» ይላል። ክብረትም በተራው ሱራፌል በባለጸጎቹ ሰፈር በኪሌሌሽዋ ቪላዎች አምሳል ያነጸውን ባለፎቅ ቤት «ግሩም ነው» ይላል። እንዲህ ሲመራረቁ ሁለት ዓመት ኖሩ።

በዚያ ወር ግን ክብረት ደፈረ። እንደ እሱ ያሉ አማተሮች ከዓለም ዙሪያ የሚገናኙበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ውድድር አወጣ። ደንቡ፣ ሥራን በመጀመሪያ ለአባላት ትችት መለጠፍ፣ ከዚያ አርሞ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የመጨረሻውን መላክ ነው። እሑድ ለጠፈ። ሰኞ ሦስት ጊዜ ወደ ሳይበር ቤት ተመላለሰ፤ ምንም የለም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች «ቆንጆ ነው» ብለው ነበር። ከቀትር በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው እንዲህ ጻፈ፦ «በጣም ንጹሕ ነው። ማንም ተሳፍሮበት የሚያውቅ አይመስልም።»

«እኔ ዘጠኝ ዓመት ተሳፍሬበታለሁ!» አለ ክብረት ለሳይበሩ ባለቤት። ሰውየው ነገሩ ባይገባውም አዘነለት።

ያን ቀን አንድ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። ረቡዕ ከሚኖርበት ከካሳራኒ ሲመጣ የማታቱውን መያዣ ብረት አፍጥጦ ተመለከተ፤ በስንት ሺህ መዳፍ ታሽቶ ቀለሙ ለቋል። የወንበሩ ጀርባ በጉልበት ተበልቷል። የኮት ክርን አይቶ የባለቤቱን ሥራ የሚገምት ልብስ ሰፊ ይህን አለማየቱ አንገበገበው። ከዚያም የባሰ ጥያቄ መጣበት፤ ሱራፌልን አስጠራው።

«እውነቱን ንገረኝ። አንተ አላየኸውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ላስት ዪር።»

«ዓመት ሙሉ!»

«ታዲያ ምን ልበል? እትዬ ብርነሽ ምሳ አቅርበውልኝ፣ እርስዎ ደስ ብሎዎት፣ መኪናዎ አሻንጉሊት ይመስላል ልበል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔስ ቤት?» አለ።

ክብረት «ግሩም ነው» ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዋጠው።

«በርህ አራት ሜትር ነው። ለቀጭኔ ልታከራየው ነው?»

ሱራፌል ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ሃኩና ሺዳ» ብሎ ወጣ። ችግር የለም ያለ ሰው ሐሙስ አልመጣም፤ ዓርብም አልመጣም።

ክብረት ሁለቱን ቀን ስክሪኑ ላይ ብረቱን ሲፍቅ፣ ወንበሩን ሲያስረጅ፣ መስኮቱን ሲያቆሽሽ፣ በየሩብ ሰዓቱም ከመንገዱ ማዶ ስልክ ላይ ያቀረቀረውን ልጅ ሰርቆ ሲያይ ዋለ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ሬንደሩን አስጀምሮ፣ መብራት እንዳይጠፋ ለሚካኤል ሻማ ተስሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ተኩል ሥዕሉ አልቆ ጠበቀው። ማታቱው አርጅቶ፣ ደክሞ፣ እውነት መስሎ ቆሟል። የቀረው ወደ ሳይበር ቤት መሄድ ብቻ ነው። እሱ ግን መንገዱን ተሻገረ።

«ና እይልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ…»

«ና እንጂ! ማማሩን አልጠየቅሁህም።»

ሱራፌል መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ ሥዕሉን ከጎማው ጀምሮ ወደ ላይ መረመረው። «እርስዎ ሁልጊዜ ጋቢና ነው የሚቀመጡት፣ አይደል?»

«ለሽበት ይለቃሉ። ምን አገናኘው?»

«ከበሩ በላይ ያለው የጣሪያ ጠርዝ አዲስ ነው። ረዳቱ ሰው ሊያወርድ ባለ ቁጥር በመዳፉ የሚደበድበው እሱን ነው። እኔ ከኋላ ስለምቀመጥ ጆሮዬ ያውቀዋል።»

ክብረት አጎንብሶ አየ። ጠርዙ ያለ ኀፍረት ያብለጨልጫል።

«ግን ይላኩት» አለ ሱራፌል ፈጠን ብሎ። «እዚያ ያሉት ፈረንጆች ማታቱ የት ያውቃሉ?»

አራት ሰዓት ሆኗል። ለማረም አንድ ሰዓት፣ ለሬንደር ዘጠኝ፤ ውድድሩ የሚዘጋው ግን በስድስት ነው። ክብረት ሥዕሉን የያዘውን ፍላሽ ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና አወጣ። በመጨረሻ ከክር ማጠንጠኛዎቹ መካከል ወርውሮት ወንበሩን ሳበ።

«በምን ያህል ኃይል ነው የሚመታው? አሳየኝ።»

ሱራፌል የሱቁን የብረት በር ደበደበ። ከጎን ጨርቅ የምትሸጠው ኩለሱም ምን ተሰበረ ብላ ብቅ አለች።

«ዝቅ አላደረግኸውም? ረዳቱ እኮ መወጣጫው ላይ ነው የሚቆመው» አለ ክብረት።

«ፖሌ» አለ ሱራፌል ይቅርታውን፤ አንድ እግሩን ደፉ ላይ ሰቅሎ እንደገና መታ።

የቀትር አዛን ከተሰማ በኋላም ክብረት አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ሜትር የሱራፌልን መዳፍ ስፋት እየለካ ነበር።